ልጄ ለፈተና የተዋሰችኝ ፊት

ስልኩ ሲጮህ ወይጦ ነበርኩ፣ ወንድ ልጄ ቤት፣ ከዛፉ ጥላ ጋር እየዞርኩ። የወይጦ ቀትር ሰውን እንዲህ ያደርገዋል፤ ጥላው ወደሄደበት በርጩማህን ይዘህ ትከተላለህ። የደወለችው ጂንካ ያለችው ሴት ልጄ ናት። ሰላምታውን በጥድፊያ ጨረሰችና፣

«እማ፣ ነገ ዛሬ ሳትይ ነይ። ፊትሽን እፈልገዋለሁ» አለችኝ።

«ፊቴን ምን ልታደርጊው?»

«ልፈተንበት።»

ከዚያ ወዲያ ስልኩ እየተቆራረጠ አልሰማ አለኝ። ምራቴ የጸማይ ልጅ ናት። ፀጉሯን በቅቤና በቀይ አፈር ጠቅልላ አጠገቤ ማሽላ ትለቅማለች። የሰማሁትን ነገርኳት።

«ጂንካ ፊት ለማጠብም ፈተና አለ?» አለችኝ።

«አለ አሉ።»

«እኔን ቅቤ ስቀባ የሚፈትነኝ ዝንብ ብቻ ነው» አለችና ሳቀች። ዕቃዬን ግን እሷው ቋጠረችልኝ። ዕቃዬ ሁልጊዜም ግማሹ እንደተቋጠረ ነው። እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም። ወይጦ ወንድ ልጄ አለ፣ ኦሞራቴ የመጨረሻው አለ፣ ካኮ እህቴ አለች፣ ጂንካ ይህችው ልጄ አለች። አንዱ ጋ ስሰነብት ሌላው ይጠራኛል፤ ካልጠሩኝም እሄዳለሁ። በገዛ ልጆቼ ቤት «እንግዳዋ መጣች» ነው የምባለው። ድሮ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን መኪና ላይ ስወጣና ስወርድ ጉልበቴ ይጮሃል፣ ቢሆንም መሄዱን አልተውኩትም።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። ልጄ ጂንካ ገበያው አጠገብ ትንሽ የውበት ሳሎን አላት። ፀጉር ትሠራለች፣ ሙሽራ ታሰማምራለች፣ ቅንድብ በክር ትነቅላለች፣ እነሱ ፌሻል የሚሉትን የፊት እጥበትም ትሠራለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቱም ልጆቹም የተንጠለጠሉት በዚያች አንድ በር ላይ ነው። ሙያውን ትምህርት ቤት ገብታ አልተማረችም። መጀመሪያ ከእኔ ሥር ሆና አየች፣ ኋላ አርባ ምንጭ የሰው ሳሎን ውስጥ ተቀጥራ ሠራች። ብዙ ዘመን ማን ፈቀደልሽ ያላት አልነበረም። ከዚያ ሕጉ መጣ። የሰው ፀጉርና ፊት የሚነካ ሁሉ ተመዝኖ የብቃት ወረቀት ካልያዘ ንግድ ፈቃዱ አይታደስም፤ ፈቃድ የሌለው በር ይታሸጋል። ሰው ሁሉ ሲኦሲ ይለዋል። እኔም ሲኦሲ እላለሁ፣ ምን ማለት እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ከእሷ በር አለፍ ብሎ ያለ አንድ ሳሎን ታሽጎ አይቻለሁ። ወረቀት ተለጥፎበት፣ ማህተም ተመትቶበት፣ ደጁ ላይ ፍየል ተኝታበት።

ልጄ ፀጉሩን ተፈትና አለፈች። ፊት ለብቻው ነው አሏት።

«ፀጉርና ፊት አንድ ራስ ላይ አይደሉም እንዴ?» ብላት፣

«ራሱ አንድ ነው፤ ፈተናው ሁለት ነው» አለችኝ።

ለፊቱ ፈተና ደግሞ እያንዳንዱ ተፈታኝ የሚሠራበትን ሰው ይዞ መቅረብ አለበት። ሞዴል ይሉታል። ልጄ የተስማማቻት ልጅ ፊቷ ብጉር አወጣባት፤ ብጉርና ቁስል ያለበት ፊት አይፈቀድም። ሁለተኛዋ አረገዘች፤ እሱም አይፈቀድም። የቀሩት ፈሩ። ፈተና ላይ የሚቀባው ነገር ፊት ይልጣል የሚል ወሬ ገበያውን ዞሮት ነበር። እናት ትቀራለች። እናት አትፈራም፤ ብትፈራም አትናገርም።

በማግስቱ ከወይጦ ሽቅብ ወጣሁ። ካኮ ላይ መኪናው ሰው ሊያወርድ ሲቆም ሙዝ የምትሸጥ አንዲት ሴት በመስኮቱ አየችኝና አፏን ከፈተች። ልትናገር አይደለም፤ ድዷን ልታሳየኝ ነው። «ይኸው፣ እስከ ዛሬ አልደበዘዘም» አለችኝ። ማን እንደሆነች አላስታወስኳትም። የእጄን ሥራ ግን አወቅሁት።

መንግሥት የተለወጠ ሰሞን እኔ በእግሬ ገበያ ለገበያ የምዞር ሴት ነበርኩ። ጆሮ እበሳለሁ፣ ድድ እነቅሳለሁ፣ አንገት እነቅሳለሁ። ከእናቴ የተማርኩት ነው። አንድ ቀን ካኮ፣ አንድ ቀን ቁልፎ የሚሉት መንደር አጠገብ፣ አንድ ቀን ጂንካ። የኩራዝ ጥላሸት በቅጠል ጠቅልዬ፣ መርፌዬን በጨርቅ ሸጉጬ። ልጅቱ ራሷን ጭኔ ላይ ታደርጋለች፣ እናቷ እግሯን ትይዛለች። «ቻይው፣ ነገ ታምሪበታለሽ» እላታለሁ። የምትችለዋ ትመሰገናለች፤ የምትጮኸዋ ዓመት ሙሉ ይሳቅባታል። የእኔ ቃል እሱ ብቻ ነበር፣ ቻይው። ያመማት እንደሆነ አልጠይቅም። የታወቀ ነገር ይጠየቃል?

ኋላ የጤና ሰዎች መጡና ከዛፍ ሥር ሰበሰቡን። በአንድ መርፌ ሁለት ሰው ከተነካ በሽታው ይተላለፋል አሉን። ቀጥለው ደግሞ ንቅሳቱን ጨርሶ ተዉት አሉን። ሴቶቹ አጉረመረሙ። እኔ መርፌዬን ሰጠሁና ወደ ቤቴ ሄድኩ። የተናደድኩ የመሰላቸው ነበሩ፤ አልተናደድኩም። በዚያች ቀን ብዙ መንገድ ሄጄ ነበር፣ መቀመጥ ነበር የፈለግሁት። ከዚያ ወዲህ ሹሩባ እየሠራሁ ኖርኩ። ለሹሩባ ያኔ ፈቃድ የሚጠይቅ አልነበረም።

ጂንካ ስደርስ ልጄ ክስት ብላለች። የሳሎኑን በር ዘጋችና የፌሻል አልጋው ላይ አስተኛችኝ፣ ልትለማመድ።

«አሁን እኔ አላውቅሽም። አንቺ ደንበኛ ነሽ።»

«እንደምን ዋልሽ ልበል?»

«እማ፣ ቀልድ ተይ። ቅባቱን መጀመሪያ ከጆሮሽ ኋላ ትንሽ አደርግና እጠብቃለሁ። ካቃጠለሽ ትነግሪኛለሽ። ካላቃጠለሽ ፊትሽን እቀጥላለሁ። ትልቁ ነጥብ እሱ ላይ ነው። የሰው ቆዳ ሳይጠይቁ አይነካም ይላል።»

«ጥሩ ይላል» አልኳት።

ልምምዱን በውሃና በተራ ክሬም ነው የሠራነው። ዋናውን ቅባት፣ አሮጌውን ቆዳ የሚያነሳውን፣ ለፈተናው ቀን ቆጠበችው። እጇ ቀላል ነው። ተኝቼ ቀረሁ።

የፈተናው ቀን አዳራሹ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። አልጋ በአልጋ ተደርድሯል። የሌሎቹ ሞዴሎች ፊታቸው እንደ አዲስ ሳህን የሚያበራ ልጃገረዶች ናቸው። አንዷ ተፈታኝ እኔን አየችና ልጄን፣

«አንቺ፣ ሞዴል አምጪ ነው የተባለው፤ ለሽምግልና መሰለሽ?» አለቻት።

«ለስላሳውንማ ማንም ያጥበዋል» አለች ልጄ። ያጠፈችውን ፎጣ ግን ፈታ እንደገና አጠፈችው።

መዛኟ ከሌላ አገር የመጣች ሴት ናት፤ ጎልማሳ፣ ጨዋ፣ የደከማት። መንገዱ አድክሟት ይሆናል፣ ወይም የሰው ፊት ማየቱ። ወረቀቷን ይዛ ጎንበስ አለችብኝ።

«እማማ፣ ፊትዎ ላይ ቁስል አለ? የሚያሳክክዎት ነገር አለ?»

«የለም ልጄ። ዕድሜ ብቻ ነው።»

«ዕድሜ ይፈቀዳል» አለች፣ ሳትስቅ።

ልጄ እጇን ታጠበች፣ ፀጉሬን በፎጣ ሸፈነች፣ ፊቴን አጠበች። ከዚያ ዋናውን ቅባት ከጆሮዬ ኋላ ነካ አደረገችኝና ጠበቀች። ወዲያው እንደ ሳማ ለበለበኝ።

«ያቃጥልዎታል?» አለችኝ።

ልጄ ከተወለደች ጀምሮ አንቱ ብላኝ አታውቅም። ለፈተናው ነው፣ አውቃለሁ፤ ደንበኛ አንቱ ይባላል። እኔ ግን አንቱ ስባል የሰው ቤት እንግዳ የሆንኩ መሰለኝ። እንግዳ ደግሞ ወጡ ጨው በዝቶበታል አይልም። ውሃው ቢቆሽሽ ይጠጣል፣ አልጋው ቢቆረቁር ደህና አደርኩ ይላል። በዚያ ላይ ያቺ ሴት ወረቀቷን ይዛ ቆማለች። የልጄ እጅ አቃጠለኝ ብዬ በሰው ፊት ልናገርባት ነው?

«ኧረ ደህና ነው። እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ።

መዛኟ ጻፈች። ልጄ ጉንጬን ቀባችኝ፣ ግንባሬን ቀባችኝ። እሳቱ ቀስ ብሎ መጣ። በመጀመሪያ ሞቅ አለኝ፣ ከዚያ ጉንዳን የሚሄድብኝ መሰለኝ፣ ከዚያ ነደደ። ጥርሴን ነከስኩ። እኔ የማውቀው መቻልን ነው፤ ለስንቱ ልጅ ቻይው ስል ኖሬ እዚህ ላይ ልሸነፍ?

«አሁንስ ያቃጥልዎታል?»

«ምንም አላለኝም።»

መዛኟ ጠጋ አለች። «እማማ፣ ይሄ እንባ ነው?»

«የአሮጌ ዓይን ነው ልጄ፣ ዝም ብሎ ይፈሳል።»

በዚህ ጊዜ ልጄ እርጥብ ፎጣ አነሳችና ቅባቱን ከፊቴ ላይ ጠርጋ ጠርጋ አወጣችው፣ በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግማ አጠበችኝ። ያኔ ነው ትንፋሼን የለቀቅኩት። ሌሎቹ አልጋዎች ላይ ሥራው ቀጥሏል፣ የእኛ ቆመ።

«ለምን አነሳሽው?» አለቻት መዛኟ።

«እያቃጠላት ነው።»

«አያቃጥልም ነው ያሉት። እኔም ሰምቻለሁ።»

«እናቴ ናት፤ አውቃታለሁ።»

«እናትሽ ባትሆንስ?»

መዛኟ ወደ እኔ ዞረች። «እማማ፣ ከጆሮዎ ኋላ ሲሞከር አቃጥሎዎት ነበር?»

«ትንሽ ሞቅ ብሎኝ ነበር።»

«ሞቅ ማለት አቃጠለ ማለት ነው?»

«ሞቅ ማለት ሞቅ ነው።»

ወረቀቷ ላይ አንድ ነገር ሰረዘች። ቁጣ አልነበረባትም። ከዚያ ለልጄ ቀስ ብላ፣ ገና ብቁ አይደለሽም፣ በሚቀጥለው ዙር ትመጫለሽ አለቻት። ከጆሮ ኋላ የሚደረገው ሙከራ እውነቱን ካላወጣ የተደረገ አይባልም አለች። እስከዚያ ድረስ ፊት መሥራት የለም፤ በሚቀጥለው ዙርም ካላለፈች ፈቃዱ ይቀራል።

ወደ ቤት ስንሄድ ልጄ ቀድማኝ ትሄዳለች፣ እኔ ከኋላ። ጉንጬ ገና ይግላል። ገበያውን ካለፍን በኋላ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ለምን ዋሸሽ?»

«አልዋሸሁም። ደህና ነኝ ነው ያልኩት።»

«ቆዳሽ እየነደደ?»

«እየነደደም ሰው ደህና ይሆናል።»

«እማ፣ ሳሎኔ ሊታሸግ ነው እኮ። ልጆቼን ምን ላበላቸው ነው?»

ይሄን ስትል ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። እንድታልፊ ብዬ ነው ልላት አሰብኩና ተውኩት። እሷም ታውቀዋለች። ይሉኝታ የሚባለው ነገር እኮ ለክፋት አይደለም የሚመጣው።

ከዚያ ፈቃድ የሚሰጡት የከተማው ሰዎች መጥተው ሳሎኑን አዩ። ክፉ ቃል አልተናገሩም። ፀጉሩን ሥሪ፣ የፊት ሥራው ግን እስክትመዘኚ ይቁም፣ አልጋውንም ከዚህ አውጪው አሏት። አልጋው እኔ የምተኛበት ክፍል ገባ። ሌላ ቦታ ስለሌለ እኔው ተኛሁበት። ጠባብ ነው፣ ከፍ ያለ ነው፣ ልብሱ ፕላስቲክ ነው፤ በተገላበጥኩ ቁጥር ይንጫጫል። ኦሞራቴ ልሂድ፣ የትንሹን ልጄን ቤት ልየው ብላት፣ «አትሄጂም» አለችኝ። «ሌላ ፊት የለኝም።» ፊቴ እንደ ታሰረች ላም ጂንካ ዋለ አደረ። ጉንጬ ቆዳው ተገለፈፈና ዳነ።

ቀን ቀን ሳሎኑ ጥግ እቀመጣለሁ። ሥራው ቀንሷል። ለፊት የሚመጡት እየተመለሱ ነው፤ ከነሱም አንዳንዶቹ «በጓሮ በኩል ሥሪልን፣ ማን ያያል» ይሏታል። ልጄ እምቢ ትላለች። ቤቱ እንደተቸገረ እያወቅሁ እምቢ ስትል እሰማለሁ፣ ጣልቃም አልገባም። ከሁሉ የሚያደክመው እሱ ነበር፣ አለመናገሩ።

አንድ ቀን ከቁልፎ በኩል የመጣች የበና ልጅ ፀጉሯን ልታለሰልስ ተቀመጠች። እዚህ ጂንካ ተከራይታ የምትማር ናት። ያ የሚያለሰልሰው ቅባት ራስ እንደሚያቃጥል የማያውቅ የለም። ልጄ ትቀባታለች፣ ትጠይቃታለች።

«ያቃጥላል?»

«አያቃጥልም።»

እኔ ካለሁበት የልጅቱ እግር ይታየኛል። ጣቶቿ ጫማው ውስጥ ተጨብጠዋል።

«እውነት አያቃጥልም?»

«አያቃጥልም እትዬ። ቀጥይ።»

ልጄ እንደሰለቻት ሰው፣ «እሺ፣ ይበልጥ የሚያቃጥልሽ የት ጋ ነው?» አለቻት።

የልጅቱ ጣት ወዲያው ማጅራቷ ላይ አረፈ። «እዚህ ጋ» አለች። «ከዚያ ደግሞ እዚህ።»

እኔ ሳቅኩ። ልጅቱም አፈረችና ሳቀች። ልጄ ግን አልሳቀችም፤ ማጅራቷን እያጠበችላት እኔን ታየኛለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንበኞቿን ሁሉ እንደዚያ ትጠይቅ ጀመር። ውሃው ይፈጃል ወይ አትልም፤ የት ጋ ነው የፈጀሽ ትላለች። ሹሩባው ጠበቀ ወይ አትልም፤ የቱ ነው የጠበቀብሽ ትላለች። የመምህር ሚስትም ብትሆን፣ የገበሬ ልጅም ብትሆን፣ «ወይ» ተብለው ሲጠየቁ ሁሉም ደህና ነው ይላሉ። የት ሲባሉ ግን ሁሉም ያሳያሉ። ቤትም ገብታ ያንኑ ታመጣብኛለች። ድሮ ማታ ማታ «ደህና ዋልሽ?» ስትለኝ ደህና እላትና ያልቃል። አሁን «ዛሬ የት ጋ ነው ያመመሽ?» ትለኛለች። ምን አደርጋለሁ፣ ጉልበቴን አሳያታለሁ።

ሁለተኛው ዙር ሲመጣ ያው አዳራሽ፣ ያው አልጋ፣ ያችው መዛኝ። አወቀችኝ። «እማማ፣ ተመለሱ?» አለችኝ። «ሌላ ፊት የላትም» አልኳት። ይሄኔ ፈገግ ያለች መሰለኝ።

ልጄ እጇን ታጠበች፣ ፀጉሬን ሸፈነች፣ ፊቴን አጠበች። ቅባቱን ከጆሮዬ ኋላ ነካ አደረገችና ጠበቀች። ለበለበኝ።

«ያቃጥልዎታል?» ያ ጥያቄ በወረቀቱ ላይ ስላለ መጠየቅ አለባት።

«ደህና ነው» አልኩ። እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ አፌ ነው። ስንት ቀን እንዳልለው ከራሴ ጋር ስማከር ሰንብቼ፣ ሲደርስ እሱው ወጣ። ልጄ አልደነገጠችም።

«የት ጋ ነው የሚሰማዎት?»

እጄ ከፎጣው ሥር ወጣና ከጆሮዬ ኋላ ሄደ።

መዛኟ መጻፏን አቆመች። «እማማ፣ በአፍዎ ደህና ነው ብለዋል። ጣትዎ ሌላ ያሳያል። የቱን ልጻፍ?»

«ጣቴን ጻፊ።»

«ጣት አልጽፍም። በቃል ይንገሩኝ።»

ከአጠገባችን ያለው አልጋ ላይ ያሉት ሁለቱ ዞረው ያዩናል። ልናገራት የሚገባኝ ትንሽ ቃል ናት፤ ሕፃን ልጅ እንኳ ይላታል። እኔ እናቴ ስትነቅሰኝ አላልኳትም፣ ልጆቼን ስወልድ አላልኳትም፣ ይህችን ልጄን ስወልድ አዋላጇ «ይህች ሴት ድንጋይ ናት እንዴ» ያለችው እሱን ስላላልኩ ነው። ልጄን ቀና ብዬ አየኋት። ፎጣውን ይዛ ትጠብቃለች። ልታግዘኝ አልሞከረችም፤ ብታግዘኝ ትወድቃለች።

«ያቃጥለኛል» አልኩ።

«ብዙ ነው ትንሽ?»

«ብዙ።»

ልጄ ጠረገችው፣ በቀዝቃዛ ውሃ አጠበችው። ይዛው የመጣችውን ሌላ ቀለል ያለ ክሬም እንደገና ከጆሮዬ ኋላ ሞከረች፤ ጠየቀችኝ፣ የትም አልሰማኝ አለ፣ የትም አልኩ። ፊቴን በሱ ሠራችው። ረጅም ሥራ ነው። መሃል ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ መሰለኝ፤ ስነቃ መዛኟ ጎንበስ ብላ ጉንጬን እያየች ነው። ተነስታ ልጄን ለብቻዋ ወደ መስኮቱ ወሰደቻት። የተባባሉትን አልሰማሁም። ልጄ ስትመለስ ፎጣውን ታጥፋለች፣ ዕቃውን ትሰበስባለች።

«ምን አለች?»

«ብቁ አለች።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ እንሂድ እማ። ደክሞኛል።»

እልልታ የለም፣ ምንም የለም። በባጃጅ ሄድን። እሷ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ ዓይኗን ጨፈነች፣ እኔ የዕቃውን ባልዲ ጭኔ ላይ ይዤ።

ወረቀቱ በጊዜው ወጣ፣ ፈቃዱም ታደሰ። መስታወት ውስጥ ከትታ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ዛፍ ሥር ነው፤ በዚያችው ፊደል ቀስ ብዬ አነበብኩት። የልጄ ስም ትክክል ነው። አልጋው ወደ ሳሎኑ ተመለሰ፣ እኔም ወደ ፍራሼ ወረድኩ።

መጀመሪያ ሰው አልመጣም። ወሬው ገና አልሞተም፤ እዚያ ቤት ፊት ይላጣል ይባላል፣ የገዛ እናቷን አቃጠለቻት ይባላል። ልጄ ወንበሩን ትጠርጋለች፣ የጠረገችውን መልሳ ትጠርጋለች። እኔ በሩ ላይ ተቀምጫለሁ። አንዲት የመሥሪያ ቤት ሴት መጣች፤ መታወቂያዋ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ የያዘች። አልገባችም። ጎንበስ አለችና ቀስ ብላ፣

«እማማ፣ እዚህ የሚቀቡት ነገር ያቃጥላል ይባላል። እውነት ነው?» አለችኝ።

«እውነት ነው። እኔን አቃጥሎኛል።»

ከውስጥ መጥረጊያው ቆመ። «እማ» አለች ልጄ፣ «ለደንበኛ እንዲህ ይባላል?»

«ጠየቀችኝ እኮ።»

«የጠየቀሽን ሁሉ ነው የምትመልሺው?»

«አንቺ አይደለሽም ያስለመድሽኝ?»

ሴትዮዋ አንዴ እኔን፣ አንዴ ውስጡን ታያለች። ትሄዳለች ብዬ ጠበቅኩ። አልሄደችም።

«ታዲያ ሲያቃጥልዎ ምን አደረገች?»

«አነሳችው።»

«ወዲያው?»

«ስነግራት ወዲያው። ሳልነግራትም አንዴ አንስታዋለች፤ በሱ ነው የወደቀችው።»

ሴትዮዋ መታወቂያዋን ከአንገቷ አወለቀችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ አልፋኝ ገባች። ውሃ ሲቀዳ ሰማሁ፣ አልጋው ሲንጫጫ ሰማሁ። ብዙ ቆይቶ ልጄ ያቃጥልዎታል ወይ አለቻት። ሴትዮዋ ኧረ ደህና ነው አለች። ልጄ ጠበቀችና፣ «የት ጋ ነው የሚሰማዎት?» አለቻት።